የመጠጥ ሱስ በገባበት ቤት ስለሚያድጉ ልጆች

በዚህ ዓምድ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ልጆች አስተዳደግ ልዩ ልዩ ነገር ስንጽፍ ቆይተናል። ዛሬ ግን ብዙ ሰው በልቡ እያወቀው በአፉ ሊናገረው የማይወደውን ነገር እናነሣለን። ይኸውም አባት ወይም እናት በመጠጥ ሱስ በተያዙበት ቤት ልጆች የሚደርስባቸው ጉዳት፥ እንዲሁም ያ ቤት የሚድንበት መንገድ ነው።

አማርኛን በመማር ላይ ላሉት የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቻችን አስቀድመን ሁለት ቃል እንገልጽላቸዋለን። ሱስ ማለት ሰው ለመተው እየፈለገ መተው ያቃተው ልማድ ነው፤ በእናታችን ቋንቋ በትግርኛ ወልፊ ይባላል። ገበና ማለት ደግሞ በቤት ውስጥ ያለ፥ የውጭ ሰው እንዲያየው የማይፈለግ ነገር ነው። እነዚህ ሁለት ቃላት በአንድ ቤት የተገናኙ እንደ ሆነ፥ ሱሱ ሥር የሚሰድደው ገበና የሚባለው መጋረጃ በሸፈነው መጠን ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ወደ ካርቱም ከተማ እንመለሳለን። እኛ ያደግነው ዴም በሚባለው የካርቱም ሰፈር ነው። በዚያን ጊዜ በሰፈሩ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የተሰደዱ ብዙ ቤተ ሰቦች ይኖሩ ነበር። እንጀራ የሚጋገርበት፥ ቡና የሚፈላበት፥ አማርኛና ትግርኛ ከዐረብኛ ጋራ ተደባልቆ የሚነገርበት ሰፈር ነበር።

በሱዳን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በመስከረም ወር 1983 ፕሬዚዳንት ጃዕፈር ኒሜሪ የሸሪዓን ሕግ ባወጁ ጊዜ መጠጥ ተከለከለ፤ ጠርሙሱም በአደባባይ ተሰብሮ መጠጡ ወደ ዓባይ ወንዝ ፈሰሰ። ነገር ግን ሕግ መጠጥን ከገበያ ሊያወጣ ይችላል እንጂ ሱስን ከሰው አካል አያወጣም። ሱዳኖች ዐረጊ የሚሉት ከተምር የሚወጣው አረቄና ከማሽላ የሚጠመቀው ማሪሳ ከአደባባይ ጠፍተው በጓሮ ይሠሩ ጀመር። የሚሠሩትም ይበልጡን ድሆች ሴቶች ነበሩ፤ ከደቡብ ሱዳንና ከኑባ ተራሮች በጦርነት የተፈናቀሉ፥ ከእኛም አገር የተሰደዱ ነበሩባቸው። ፖሊስ ድንገት የሚያደርገውን አሰሳ በሰፈራችን ከሻ እንለው ነበር። በከሻ የተያዘች ሴት መቀጫ ትከፍላለች፥ ትገረፋለች፥ ወይም በኦምዱርማን ወደ ነበረው የሴቶች ወህኒ ቤት ትወሰዳለች። በሐምሌ ወር 2012 ዓ.ም. ሕጉ ተሻሽሎ ሙስሊም ላልሆኑ ሰዎች መጠጣት ተፈቀደ፤ እኛ የምንተርከው ግን ከዚያ አስቀድሞ፥ በ1998 ዓ.ም. ገደማ የሆነውን ነው።

በጎረቤታችን አባትና እናት ከሦስት ልጆቻቸው ጋራ ይኖሩ ነበር። ስማቸውን አንጠራም፤ ታሪኩን ግን የቤቱ ታላቅ ልጅ ለሌሎች ይጠቅም እንደ ሆነ ብላ ስለ ፈቀደችልን እንጽፈዋለን። አባትየው ከካርቱም ወደ ፖርት ሱዳን የጭነት መኪና የሚነዱ፥ ተጫዋችና ደግ ሰው ነበሩ፤ ከመንገድ ሲመለሱ ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ ተምር ያድሉ ነበር። መጠጥን የጀመሩት ከመንገድ ድካም ለማረፍ ነበር። ቀጥሎም እንቅልፍ እንዲመጣላቸው ጠጡ። በመጨረሻም ጧት ሲነሡ እጃቸው እንዳይንቀጠቀጥ ይጠጡ ጀመር። በዚህ ጊዜ ነገሩ ከልማድ አልፎ በሽታ ሆኖ ነበር፤ ነገር ግን በሰፈራችን በሽታ ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም። ጥቂት ቈይቶ ሥራቸውን አጡ።

እናትየው ቀን ቀን በአውቶቡስ ማቆሚያ አጠገብ ሻይ ይሸጡ ነበር። ባለቤታቸው ሥራ ባጡ ጊዜ የቤት ኪራይና የልጆች ቀለብ ስለ ከበደባቸው፥ ማታ ማታ በጓሮ አረቄ ማውጣት ጀመሩ። ስለዚህ አባትን የሚያጠፋው ነገር ልጆችን የሚመግብ ሆነ። በዚህች ሴት ላይ የሚፈርድ ሰው ቢኖር፥ አስቀድሞ በሰው አገር ያለ ደመወዝ ሦስት ልጆች ይዞ ይየው።

እንግዲህ ልጆቹን እንመልከት። ትልቋ ልጅ ያን ጊዜ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ በሌሊት ሲመጡ ከጫማቸው ድምፅ ብቻ ሰክረው እንደ ሆነና እንዳልሆነ ትለይ ነበር። የቤቱን ገንዘብ በስኳር ቆርቆሮ ውስጥ የምትደብቅ እርሷ ናት። አባቷ ከሚጠጡበት ቤት ሄዳ እጃቸውን ይዛ የምታመጣቸውም እርሷ ናት። ጎረቤት ሁሉ፥ እንዴት ያለች አዋቂ ልጅ ናት እያለ ያመሰግናት ነበር፤ እኛም አብረን እናመሰግናት ነበር። ዛሬ ስናስበው ግን፥ ልጅ ከዕድሜዋ በላይ አዋቂ ስትሆን፥ የማንን ሥራ ነው የምትሠሪው? ተብላ ልትጠየቅ ይገባ ነበር። ታናሹ ልጅ የአምስት ዓመት ሕፃን ሲሆን፥ ትቶት የነበረውን በመኝታ ላይ መሽናት እንደ ገና ጀመረ። የዘጠኝ ዓመቱ መካከለኛ ልጅ በሰፈር ውስጥ ሁሉን የሚያስቅ ቀልደኛ፥ በትምህርት ቤት ግን ከሁሉ ጋራ የሚደባደብ ሆነ። ሦስቱ ልጆች አንድ ፍርሀት በሦስት መልክ ነበረባቸው።

እኛም በዚያን ጊዜ የዐሥራ ስድስት ዓመት ወጣት ሆነን በሚሲዮን ትምህርት ቤት እንማር ነበር፤ ለዚህ ለመካከለኛው ልጅ ማታ ማታ ሒሳብ እናስጠናው ነበር። አንድ ማታ በደብተሩ ላይ ተኝቶ አገኘነው። ምን ሆንህ? ብንለው፥ «ሌሊት አባባ ሲያስታውካቸው ራሳቸውን ይዤ ነበር» አለ። በነጋታው መምህሩ ልጁ ለምን እንደሚያንቀላፋ ጠየቁን። እኛም፥ ወባ ይዞት ነበር ብለን መለስን። ውሸታችንን እንደ ደግነት ቆጠርነው፤ ገበና የሸፈንን መስሎን ነበር። እናትየውም አስቀድመው ለባላቸው አሠሪ፥ አሞታል እያሉ ስንት ጊዜ ዋሽተው ነበር። ሁላችንም በመልካም ልብ በሽታው በቤት ውስጥ ተደላድሎ እንዲቀመጥ ረዳነው።

ከዚህ የባሰ ጥፋትም ሠርተናል። አንድ ቀን ይኸው ልጅ ደብተሩን እያየ፥ «እኔ በሒሳብ ባልወድቅ ኖሮ አባባ ይጠጡ ነበር?» ብሎ ጠየቀን። እኛም እርሱን ያበረታን መስሎን፥ «ጎበዝ ከሆንህ ይተዋሉ» አልነው። ልጁ ይህን ቃል እንደ ውል ተቀበለው። ሁለት ወር ሙሉ ቀልዱን ትቶ አጠና፤ በፈተናውም ከመቶ ዘጠና አገኘ። ወረቀቱን ይዞ እየሮጠ ወደ ቤት ገባ፤ አባቱ ግን ሰክረው ስለ ነበር ወረቀቱን አላዩትም። ልጁም ወረቀቱን ቀደደና ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ሒሳብ ለማጥናት ወደኛ አልመጣም።

ክቡራን አንባቢዎች፤ ይህን የምንጽፈው ራሳችንን ለመክሰስ ብቻ አይደለም። ሕፃን ልጅ በቤቱ የሚደርሰውን ክፉ ነገር ሁሉ የራሱ ጥፋት ያመጣው ይመስለዋል። ስለዚህ ትልቅ ሰው ሊነግረው የሚገባው ሦስት ነገር ነው፤ መጠጡን ያመጣኸው አንተ አይደለህም፤ አንተ ልታቆመው አትችልም፤ አንተ ልታድነውም አትችልም። እኛ ግን ይህን ሸክም ልናነሣለት ሲገባን በላዩ ጨመርንበት።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ሳለ፥ አንድ ሌሊት ከሻ መጣ። እናትየው ከነእንስራቸው ተያዙ፤ አንድ ወርም ተፈረደባቸው። ትልቋ ልጅ ትምህርቷን ትታ በእናቷ ቦታ ሻይ ልትሸጥ ተቀመጠች። አባትየው ልጃቸው የእናቷን ማንቆርቆሪያ ይዛ ስትወጣ ባዩ ጊዜ፥ ከዛሬ ጀምሮ አልጠጣም ብለው በእግዚአብሔር ስም ተሳሉ። ልባቸው እውነተኛ ነበር፤ ነገር ግን ሐኪም አላማከሩም። በሁለተኛው ሌሊት ሰውነታቸው ተንቀጠቀጠ፥ ላብ አሰመጣቸው፥ በግድግዳው ላይ የሌለ ነገር ያዩ ጀመር፤ በመጨረሻም ተንዘፍዝፈው በልጆቻቸው ፊት ወደቁ። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ ዛር ነው አለ፤ ሌላው ቡዳ ነው አለ፤ ሦስተኛውም አረቄ አምጡላቸው አለ። አንዲት ሱዳናዊት ጎረቤታችን በነርስነት የሚሠሩ ስለ ነበሩ፥ ክርክሩን ትተን ቶሎ ወደ ሐኪም ቤት እንድንወስዳቸው አዘዙን። በዚያም ሕይወታቸው ተረፈ።

ይህ ነገር በብዙዎች ዘንድ ስለማይታወቅ ጠንቅቀን እንጽፈዋለን። ለብዙ ዘመን ዕለት ዕለት አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ያቆመ እንደ ሆነ፥ ከጥቂት ሰዓት በኋላ መንቀጥቀጥ ይጀምረዋል፤ በሁለት ቀን ውስጥም የሚጥል መንዘፍዘፍ ሊያገኘው ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ አእምሮው ሊታወክና የሌለ ነገር ሊያይ ይችላል። ሳይታከም ከቀረ ሊሞትበት የሚችል አደጋ ነው። ሐኪሞች ግን በሚያረጋጋ መድኃኒትና ታያሚን በሚባለው ቪታሚን ቢ 1 እየረዱ ያሳልፉታል። ስለዚህ መጠጥ ለመተው የቈረጠ ሰው ምስጋና ይገባዋል፤ መንገዱን ግን ከሐኪም ጋራ ሊጀምረው ይገባል። በጓሮ የሚወጣ አረቄም ሜታኖል የሚባል መርዝ የተቀላቀለበት እንደ ሆነ ዓይን ያጠፋል፥ ይገድላልም።

ሱዳን በዚህ ረገድ የምትኮራበት ሰው ነበራት። እርሳቸውም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1911 የተወለዱትና በ1970 ያረፉት፥ በአገሪቱ የመጀመሪያው የአእምሮ ሐኪም የነበሩት ዶክተር ቲጃኒ አል ማሂ ናቸው። የሕዝቡን ልማድ ሳይንቁ፥ ዛርን እንኳ ሳይቀር በጥንቃቄ እየመረመሩ፥ ሕመምተኛውን ከነቤተ ሰቡና ከነባህሉ ሆነው ይመለከቱት ነበር። በኦምዱርማን የሚገኘው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል በስማቸው ተሰይሟል። በእኛም አገር በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል በሱስ የተያዙትን ሰዎች ይቀበላል።

በሌላውም ዓለም ቢሆን ይህ ሕመም የቤተ ሰብ ሕመም መሆኑ የታወቀው በብዙ ድካም ነው። በአሜሪካ አገር በኦሃዮ፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1935 ቢል ዊልሰንና ዶክተር ቦብ ስሚዝ የሚባሉ ሁለት ጠጪዎች እርስ በርሳቸው እየተረዳዱ መጠጥ ለመተው የሚሰበሰቡበትን ማኅበር መሠረቱ። ከዐሥራ ስድስት ዓመት በኋላ፥ በ1951፥ የቢል ዊልሰን ባለቤት ሎይስ ለጠጪዎች ቤተ ሰብ የሚሆን አል አኖን የተባለውን ማኅበር ከጓደኛቸው ጋራ አቋቋሙ። በ1957 ደግሞ ለወጣት ልጆች የሚሆነው አላቲን ተጀመረ። የጠጪው ሰው ሚስትና ልጆች፥ ጠጪው ቢተውም ባይተውም፥ የራሳቸው ቁስል እንዳላቸውና የራሳቸው ፈውስ እንደሚያስፈልጋቸው በዚህ ታወቀ።

ወደ ጎረቤታችን ታሪክ እንመለስ። አባትየው ከሐኪም ቤት ወጡ፤ እናትየውም ከወህኒ ቤት ተፈቱ። የሰፈሩ ሴቶች ዕቁባቸው ሲወጣ የመጀመሪያውን ዕጣ ለእናትየው ሰጡ። እርሳቸውም በዚያ ገንዘብ ጤፍና ምጣድ ገዝተው አረቄ ማውጣቱን ተዉ፤ ለሰፈሩ እንጀራ እየጋገሩ መሸጥ ጀመሩ። አባትየውም በአንድ ጋራዥ በመካኒክ ረዳትነት ተቀጠሩ። ነገሩ ሁሉ ያለቀ መሰለ። ይሁን እንጂ ከአምስት ወር በኋላ፥ በፋሲካ ዕለት፥ በአንድ ብርጭቆ ተጀምሮ ሕመሙ አገረሸ። ማገርሸት ማለት የዳነ የመሰለ በሽታ ተመልሶ መነሣት ነው። በዚህ ጊዜ ግን ማንም አልደበቀውም፤ በሦስተኛው ቀን እናትየው ራሳቸው ወደ ሐኪም ወሰዷቸው። የፊተኛው ጊዜ ምስጢር ስለ ነበር ዓመታት ፈጀ፤ ሁለተኛው ግልጥ ስለ ሆነ በሳምንት ተገታ።

የልጆቹ ፈውስ ግን ከአባታቸው ይልቅ ዘገየ። ትልቋ ልጅ አባቷ ከሥራ በገቡ ቍጥር ሰላም የምትላቸው መስላ ትንፋሻቸውን ታሸት ነበር። አንድ ማታ አባትየው ይህን ዐውቀው፥ «እስከ መቼ ነው የማታምኚኝ?» ብለው ተቈጡ። እናትየውም፥ «የልጆቼ አባት፥ እርሷ ስድስት ዓመት ደጅ ደጁን ስታይ ኖራለች። አንተ የተውኸው ትናንት ነው። ታገሣት እንጂ» አሏቸው። አባትየውም ዝም አሉ፤ ከዚያም ወዲያ ልጅቱ ስታሸታቸው ቆመው ይጠብቋት ጀመር።

እናትየው የስኳሩን ቆርቆሮ ከልጃቸው ተቀብለው፥ ከእንግዲህ ገንዘብ መያዝ የኔ ሥራ ነው፤ አንቺ ትምህርትሽን ተማሪ ባሏት ጊዜ ልጅቱ ደስ ይላታል ብለን ስንጠብቅ አለቀሰች። ቤቱን ያቆመችበት ሥራ ሲወሰድባት የተባረረች መስሏት ነበር። ስለዚህ እናትየው በጥቂት በጥቂቱ፥ ዛሬ ቆርቆሮውን፥ ነገ ቍልፉን እያሉ ሸክሟን አወረዱላት። ትምህርቷንም ቀጠለች።

ከሁሉ ይልቅ የማንረሳው ግን የመካከለኛው ልጅ ነገር ነው። አንድ እሑድ አባትየው ልጆቻቸውን ሁሉ ሰብስበው፥ እኛንም አስጠርተው፥ እንዲህ አሉት። «ልጄ፥ ከመቶ ዘጠና ያገኘህበትን ወረቀት ያመጣህልኝ ቀን ሰክሬ ስለ ነበርሁ አላየሁትም። ጥፋቱ የኔ ነው። ያንተ ሒሳብ ከኔ መጠጥ ጋራ አንዳች ግንኙነት የለውም፤ ብትወድቅም ብታልፍም እኔ እጠጣ ነበር። ይቅር በለኝ።» እኛም ተነሥተን፥ ጎበዝ ከሆንህ ይተዋሉ ብለን የነገርንህ ቃል ስሕተት ነበር፤ ይቅር በለን አልነው። ልጁ ሁላችንንም ተራ በተራ ተመለከተና፥ «እሺ፤ ግን ዛሬ ሒሳብ አናጥና» አለ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ደብተሩን ይዞ መጣ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረውን በአጭሩ እናስቀምጥ። አንደኛ፥ ለልጆች እውነቱን በዕድሜያቸው መጠን መንገር ይገባል፤ አባታችሁ ታሟል፥ ሕመሙም መጠጥ ነው ብሎ መናገር፥ ደኅና ነው ብሎ ከመዋሸት ይሻላል። ሁለተኛ፥ የጠጪውን ሥራ ለልጅ አለማሸከም ነው፤ አባትን ከመጠጥ ቤት መጥራት የልጅ ተግባር አይደለም። ሦስተኛ፥ ለልጁ ከቤቱ ውጭ እውነቱን የሚነግረው አንድ የታመነ ትልቅ ሰው፥ አክስት ወይም መምህር ወይም የንስሐ አባት፥ ሊኖረው ያስፈልጋል። አራተኛ፥ ይቅርታ የሚጠይቅ ወላጅ ጥፋቱን በስሙ ጠርቶ ይጠይቅ፤ በደፈናው፥ ያለፈው አልፏል ማለት የልጅን ቁስል አይዘጋም። አምስተኛ፥ ጠጪው ቤት የሚመታ ወይም የሚያስፈራራ የሆነ እንደ ሆነ፥ አስቀድሞ እናትንና ልጆችን ከአደጋው ማራቅ ይገባል፤ ምክሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

በየመሥሪያ ቤቱ ለሚያገለግሉት አንባቢዎቻችንም አንድ ቃል አለን። ሰኞ ሰኞ የሚቀር፥ እጁ የሚንቀጠቀጥ ባልደረባ ቢኖረን፥ አሞታል እያልን ፋይሉን ስንሠራለት ወዳጅነት ይመስለናል። እኛ ለመምህሩ እንደ ነገርነው ወባ ማለት ነው። ለብቻው ጠርተን በአክብሮት፥ ወንድሜ፥ ሐኪም ዘንድ አብሬህ ልሂድ ማለት ግን እውነተኛ ወዳጅነት ነው። በቤቱ የሚጠብቁት ልጆች አሉና።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ብዙ ወገኖቻችን ሁሉን ትተው በገዳሪፍና በጋላባት አድርገው ወደ መተማ ተሻገሩ። ያ ቤተ ሰብም ከነዚያ መካከል ነበረ። ባለፈው ዓመት ትልቋን ልጅ በአዲስ አበባ አገኘናት፤ ዛሬ እርሷም የሴት ልጅ እናት ናት። ከብዙ ጭውውት በኋላ እንዲህ አለችን። «መተማ በደረስንበት ሌሊት ዝናብ መትቶን ስለ ነበር፥ አንድ መንገደኛ ለአባባ ይሙቅዎት ብሎ አረቄ ቀዳላቸው። እርሳቸውም፥ እግዜር ይስጥልኝ፥ ለኔ አይሆንም ብለው መለሱለት። እኔም ተኛሁ። በነጋታው ነው ትንፋሻቸውን ሳላሸት ማደሬን ያስታወስሁት።»

ልጅቱ እንዲህ ያለ እንቅልፍ ለመተኛት ዐሥራ ሰባት ዓመት ያህል ፈጀባት። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው። ክቡራን አንባቢዎቻችን ሆይ፤ በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ይህን የመሰለ ገበና ቢኖር፥ መጋረጃውን ዛሬ ጥቂት ገለጥ አድርጉት። ለሳምንት ሰው ይበለን።